ውሻና ድመት መብላት ሲያቆሙ፣ ሲከሱ ወይም ሲወፍሩ ምን ማለት ነው?

ውሻና ድመት ሕመማቸውን በቃል አይናገሩም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገርላቸው የምግብ ፍላጎታቸውና የሰውነታቸው ክብደት ነው። በጎችን ከጅብ፣ ማሳን ከከርከሮና ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ውሻ፣ ጎተራን ከአይጥ የምትታደገው ድመት ሲታመሙ ሌላ ምልክት ከመታየቱ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው አበላላቸው ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን አብዛኞቹ ውሾችና ድመቶች ተለክቶ የሚቀርብላቸው ምግብ የላቸውም። ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈውን ይበላሉ፤ የጎደለውን ከደጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እንስሳው ዛሬ መብላት አለመብላቱን የሚከታተል ሰው በቤት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ለውጡ የሚታወቀው ጎድኑ ከወጣ፣ ወገቡ ከሾጠጠ በኋላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሽታው ሥር ሰዷል።

የአንዱን ውሻ አበላል ከጎረቤት ውሻ ጋር ማነጻጸር ብዙም አይጠቅምም። ሥራው፣ ዕድሜው፣ ቁመናው ይለያያል። የሚጠቅመው እንስሳውን ከራሱ የቀድሞ ልማድ ጋር ማነጻጸር ነው። የምግብ ፍላጎትና ክብደትም ለየብቻ ሲታዩ ብዙ አይናገሩም፤ አብረው ሲታዩ ግን አቅጣጫ ያሳያሉ። ሳይበላ የሚከሳ፣ እየበላ የሚከሳ፣ ሳይበላ ሆዱ የሚነፋ እንስሳ የሦስት የተለያዩ ችግሮች ባለቤት ነው።

ክብደትን በእጅ፣ በሚዛንና በገመድ ማወቅ

ፀጉር ዓይንን ያታልላል። ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ ከስቶም ሙሉ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከማየት መዳበስ ይሻላል። የእንስሳት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የአንድ እጅዎን ጣቶች ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ በሌላው እጅ ይዳብሱ፤ በስስ ቆዳ ሥር አጥንቱ ይሰማዎታል። የጤናማ ውሻ ወይም ድመት ጎድን ሲዳበስ እንዲህ ነው። አሁን እጅዎን ይጨብጡና የጣቶቹን አንጓ ይዳብሱ፤ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው የከሳ እንስሳ ጎድን ስሜት ነው። በመጨረሻም እጅዎን ገልብጠው ከአውራ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ሥጋ ይዳብሱ፤ አጥንቱን ለማግኘት መጫን ያስፈልጋል። የእንስሳው ጎድን እንዲህ ከሆነ ከልክ በላይ ወፍሯል ማለት ነው። ሐኪሞች ይህንኑ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይመዘግቡታል። 1 አጥንቱ የቀረ፣ 9 እጅግ የወፈረ ሲሆን ለውሻ 4 ወይም 5፣ ለድመት 5 ተስማሚ ደረጃ ነው።

ሚዛን በሚገኝበት ከተማ ነገሩ ይቀላል። ሰውየው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ውሻውን ታቅፎ ይመዘናል። ብቻውን 70 ኪሎ፣ ከውሻው ጋር 88 ኪሎ ከሆነ ውሻው 18 ኪሎ ነው። ሚዛን በሌለበት ገጠር ገመድም ያገለግላል። ገመዱን ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ አዙሮ፣ የተገናኘበት ላይ ቋጠሮ አስሮ ማስቀመጥ ነው። በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አጠባበቅ ሲለካ ቋጠሮው ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። ገመዱ የኪሎ ቁጥር አይሰጥም፤ እንስሳው እየከሳ ወይም እየወፈረ መሆኑን ግን ያሳያል።

ሆን ተብሎ ምግብ ሳይቀነስ ከክብደቱ ከመቶ 10 ያህል የቀነሰ እንስሳ መመርመር አለበት። ለ18 ኪሎ ውሻ ይህ 1.8 ኪሎ ነው። ለ4 ኪሎ ድመት ግን 400 ግራም ብቻ ነው፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ድመት ስትከሳ ባለቤቷ ዘግይቶ የሚያውቀው ለዚህ ነው። አዲስ የተወለደ የድመት ግልገል ወደ 100 ግራም ይመዝናል፤ በቀንም ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ ቢመዘን አንድ ቀን ሳይጨምር የቀረው ግልገል የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ያልፈለገ እና ያልቻለ

ምግብ ያልነካ እንስሳ ሁሉ ያልራበው አይደለም። ወደ ሳህኑ እየሮጠ መጥቶ፣ አሽትቶ፣ አንድ ጊዜ ጎርሶ የሚተፋና ጭንቅላቱን የሚያዘነብል ውሻ ርቦታል፤ መብላት ግን አልቻለም። ጥግ ይዞ ተኝቶ ለሚወደው ሥጋ እንኳ ቀና የማይል ደግሞ ፍላጎቱን አጥቷል። ይህ ልዩነት ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ለባለቤቱ ደግሞ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ብዙ ሰው የእብድ ውሻን በሽታ የሚያውቀው ውሻው እየተቅበዘበዘ ያገኘውን ሁሉ ሲናከስ ነው። በሽታው ግን ዝምተኛ መልክም አለው። ቫይረሱ ነርቭን ሲያጠቃ የጉሮሮና የመንጋጋ ጡንቻዎች ይሰንፋሉ። የታች መንጋጋው ይወድቃል፤ ምራቁን መዋጥ ስለማይችል ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ጩኸቱ ይለወጣል። ውሻው ወደ ምግቡ ይሄዳል፣ አይበላም፤ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ አይውጥም። ይህ መልክ አጥንት ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረበት ውሻ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል። ርኅሩኅ ባለቤት አጥንቱን ላውጣለት ብሎ እጁን ወደ አፉ ይከታል። ቫይረሱ የሚገኘው ደግሞ በዚያው ምራቅ ውስጥ ነው፤ በእጅ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ለመግቢያ ትበቃዋለች።

በሽታው የያዘው እንስሳ ምግቡን ትቶ እንጨት፣ አፈር፣ ድንጋይ ወይም ጨርቅ ሊያኝክ ይችላል። ዓይን አፋር የነበረው ድንገት ሊላመድ፣ ለማዳው ሊሸሽና በጨለማ ሊደበቅ ይችላል። ድመትም በዚሁ በሽታ ትያዛለች። አርሶ አደሮች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ የተነከሰ በሬ ወይም ላም መብላት አቁሞ ለሃጩን ሲያዝረከርክና ደጋግሞ ሲያገሣ፣ አንድ ነገር ውጦ ታንቋል ተብሎ እጅ የሚገባበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አደጋው አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚዝረከረክና ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ አፍ ውስጥ በምንም ምክንያት እጅ አይግባ። ሰውም ሌላ እንስሳም በማይደርስበት ቦታ ተዘግቶበት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። የተነከሰ፣ የተጫረ ወይም ቁስሉን ምራቅ የነካው ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት በጊዜው የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ የሚያልፉት ቀናት የሚባክኑት ከዚህ ጊዜ ላይ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ እስከ 99 በመቶ በሚደርሱት የሰው ሕሙማን በሽታውን ያስተላለፈው ውሻ ነው። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ታስሮ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል፤ የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር የ10 ቀኑን ውጤት መጠበቅ የለበትም። ውሻውን ገድሎ መጣልም ማስረጃውን ማጥፋት ነው፤ ከሞተ ደግሞ በሽታውን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የአንጎሉ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ክትባቱንም በየዓመቱ ማደስ ይህን ሁሉ ጭንቀት ያስቀራል።

እንስሳው ክትባቱን የወሰደና ጠባዩ ያልተለወጠ ከሆነ መብላት ያልቻለበት ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ያረጁ ውሾችና ድመቶች ጥርሳቸው ይበሰብሳል፣ ድዳቸው ይቆስላል፤ ትንፋሻቸው ይሸታል፣ በአንድ ወገን ብቻ ያኝካሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ተሰባብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ድመት የምትጫወትበት ክር ከነመርፌው ሊዋጥ ይችላል፤ ጫፉ ከአፏ ወይም ከኋላዋ ቢታይ እንኳ መጎተት የለበትም፤ አንጀቷን ይቆርጠዋል። ይህን የሚያወጣው ሐኪም ነው።

ፍላጎቱን ያጣ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳት አለበት። በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች በዚህ ረገድ ቀዳሚ ናቸው። ውሻው ይፈዛል፣ ድዱ ይነጣል፣ አንዳንዴ ያነስረዋል ወይም ሽንቱ ይቀላል፤ ቀስ በቀስም ይከሳል። ባልተከተበ ቡችላ ላይ ደግሞ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ያስፈራል። ምግብ በመተው ይጀምራል፤ ማስመለስና ደም የቀላቀለ፣ እጅግ የሚሸት ተቅማጥ ይከተላል። ቡችላው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ነገን መጠበቅ አይቻልም። የአይጥ መርዝም መዘንጋት የለበትም። አንዳንዱ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ በመሆኑ ምልክቱ የሚታየው ከተበላ ከቀናት በኋላ ነው፤ መርዙን በቀጥታ ያልቀመሰች ድመትም የተመረዘ አይጥ በልታ ልትጎዳ ትችላለች። ለዚህ ዓይነቱ መርዝ ሐኪሙ የሚሰጠው የቫይታሚን ኬ መድኃኒት አለ፤ ስለዚህ የመርዙን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ምግብ መተው ሁሉ በሽታ አይደለም። ውሻ በከባድ ሙቀት ቀን ወይም ሴት ውሻ በምትፈልግበት ወቅት ወንዱ ምግብ ሊዘል ይችላል። ክትባት የወሰደ እንስሳም ለአንድ ቀን ሊደበር ይችላል። እርጉዝ ውሻ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ገደማ ፍላጎቷ ይቀንሳል፣ በኋላ ይጨምራል፤ 63 ቀን ገደማ ሲሞላና ልትወልድ ስትቃረብ ደግሞ እንደገና ምግብ ትተዋለች። ሌላ ምልክት የሌለው ጎልማሳ ውሻ አንድ ቀን ቢጾም አያስደነግጥም። ቡችላና የድመት ግልገል ግን በሰውነታቸው ያከማቹት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ግማሽ ቀን እንኳ ይጎዳቸዋል።

የድመት መጾም የተለየ ነው

ውሻ ለጥቂት ቀናት ቢጾም ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ እያቃጠለ ይቆያል። ድመት በዚህ አትመሳሰለውም። ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ምግብ ያጣች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከነበረች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል። ጉበቷ ያን ሁሉ ማስተናገድ ስለማይችል በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። የዓይኗ ነጭና ድዷ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ታስመልሳለች፣ ትደክማለች። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጉበቷ በታመመ ቁጥር የምግብ ፍላጎቷ ይበልጥ መዘጋቱ ነው። ሕክምናው አንዳንዴ ለሳምንታት በቱቦ መመገብን ይጠይቃል። ድመቷ መጀመሪያ ምግብ የተወችው ቤት ስለተቀየረባት ወይም አዲስ ውሻ ስለመጣባት ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ጉበቷ የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ያልበላች ድመት ትኩረት፣ ሁለት ቀን ያልበላች ደግሞ ሐኪም ያስፈልጋታል። ምግቡን ለብ ማድረግና ሽታው ጠንከር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ዓሣ፣ ማቅረብ አንዳንዴ ፍላጎቷን ይመልሰዋል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የሚፈጽመው ስሕተት ለሰው የተገዛ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ነው። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያቆስላሉ።

እየበላ የሚከሳ

በደንብ እየበላ የሚከሳ እንስሳ ሲታይ በመጀመሪያ የሚታሰበው ትል ነው። ቡችሎች ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ የወስፋት ትል ይይዛቸዋል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ጀርባቸው ይከሳል፣ ፀጉራቸው ይጠወልጋል። ለዚህ ነው የትል መድኃኒት ከተወለዱ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው የሚሰጠው። መንጠቆ ትል ደግሞ ደም ይመጣል፤ የቡችላውን ድድ ያነጣዋል። በቁንጫ የሚተላለፈው የኮሶ ዓይነት ቁርጥራጩ በእንስሳው መቀመጫ ዙሪያ ይታያል፤ እርጥብ ሲሆን ሩዝ፣ ሲደርቅ ሰሊጥ ይመስላል። ይህን ዓይነት ቁንጫውን ሳያጠፉ ትሉን ብቻ ማስወጣት ትርፉ ድካም ነው።

ከሁሉም የከፋው ትል ግን ውሻውን አያከሳውም። በውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ ሊቆጠር በሚችል ብዛት የሚኖር፣ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የኮሶ ዓይነት አለ፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኢኪኖኮከስ ይባላል። ውሻው ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይጠብቃል፤ ምንም አይሆንም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩን፣ ጓሮውን፣ ውሃውን፣ የራሱንም ፀጉር ይበክላል። በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል ከሣር ጋር ይውጡታል፤ ሰውም ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወይም ያልታጠበ አትክልት ሲመገብ ይውጠዋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም።

ውሻው ይህን ትል የሚያገኘው ከእርድ ቀን ነው። ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ በየግቢው በግና በሬ ሲታረድ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል። አራጁ ያን ክፍል ቆርጦ ደጃፍ ላይ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውራል። የትሉ ዑደት የሚቀጥለው በዚያ ውርወራ ነው። እንዲህ ያለ የሆድ ዕቃ መቃጠል ወይም ውሻ ጭሮ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር አለበት፤ ለውሻ የሚሰጥ ከሆነም ቢያንስ 30 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ይሁን። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ከውሻው አንጀት ያስወጣል፤ በሽታው በሚዘወተርባቸው አካባቢዎች በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ይመከራል። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውሻውን አስሮ ዓይነ ምድሩን ማቃጠል ወይም መቅበር ያስፈልጋል።

ነገሩ ከአቅም በላይ እንዳይመስል የአይስላንድን ታሪክ ማንሳት ይቻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቺ የበግ አርቢዎች አገር በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ነበረች። ሃራልድ ክራቤ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ በ1863 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሄዶ ውሾችን መረመረ፤ ቀጥሎም ትሉ እንዴት እንደሚዛመት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ ተሰራጨ። ሰዎች የታረደን እንስሳ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት ሲተዉና ውሾች ሲቆጣጠሩ በሽታው ቀስ በቀስ ከአገሪቱ ጠፋ። ዘመናዊ መድኃኒት ገና አልነበረም።

ለከብትና ለበግ የተገዛ የትል መድኃኒት በግምት ከፍሎ ለውሻ ወይም ለድመት መስጠት ግን አደገኛ ልማድ ነው። አልቤንዳዞል የእነዚህን እንስሳት የደም ሕዋስ የሚያመርተውን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል፤ አይቨርሜክቲንም መጠኑ ካለፈ ነርቭን ይመርዛል።

ትል ከሌለና እንስሳው ዕድሜው የገፋ ከሆነ ሌላ መንገድ ይታያል። ብዙ እየበላ፣ ብዙ ውሃ እየጠጣና አብዝቶ እየሸና የሚከሳ ውሻ ወይም ድመት የስኳር በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ በኢንሱሊን ይታከማል። ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናት ድመት ዕረፍት አጥታ፣ ሌሊት እየጮኸች፣ ያገኘችውን ሁሉ እየበላች ከከሳች የእንቅርት እጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ድካም ደግሞ ውሃ ጥማቷን ጨምሮ የምግብ ፍላጎቷን ይቀንሳል። የምታጠባ እናት ግን ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ መብላቷ፣ ትንሽ መክሳቷም በሽታ አይደለም፤ ምግብ ይጨመርላት።

ጾምና ፍስክ በሳህኑ ላይ

በአገራችን የውሻና የድመት ሳህን የቤተሰቡን የቀን መቁጠሪያ ይከተላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚያ ቀናት ከማዕድ የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ነው። ውሻ ከሰው ጋር አብሮ በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ስታርች መፍጨትን ስለለመደ ክብደቱ ቢቀንስም ይቋቋመዋል። ድመት ግን ሥጋ በል ፍጥረት ናት። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ከእንስሳ ሥጋ ካልሆነ ከጥራጥሬ አይገኝም፤ የድመት ሰውነት ደግሞ በበቂ መጠን ሊሠራው አይችልም። ታውሪን ያጣች ድመት ቀስ በቀስ የማየት ኃይሏን ታጣለች፣ ልቧም ይለጠጣል። የልብ ሕመሙ ከዚህ ጉድለት ጋር ያለው ግንኙነት በጥናት የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነበር።

የገጠሯ ድመት በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ የያዘችው አይጥ የሚያስፈልጋትን ይዞ ይመጣል። የሚያሳስበው በከተማ ቤት ውስጥ ተዘግታ ሽሮ ፍትፍት የምትመገበው ናት። ለእርሷ የተቀቀለ ልብ፣ እንቁላል ወይም አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ በጾምም ቢሆን መቅረብ አለበት። ጉበት በጥቂቱ ይበቃል። ወተት ለብዙ ጎልማሳ ድመቶች ተቅማጥ ያመጣል።

ፍስክ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ለሁለት ወር ስብ ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ቀን በጮማና በአጥንት ይሞላል። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ አልፎም የቆሽት መቆጣት ይመጣል፤ ውሻው ጀርባውን አጉብጦ ሆዱን አላስነካም ይላል፣ ምግብም ያቆማል። ዶሮ ወጡም የራሱ ጣጣ አለው። ሽንኩርት፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ ጥሬም ሆነ የተቁላላ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ለድመት በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ግራም ገደማ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል፤ ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም መሆኑ ነው። ድክመቱና የድዱ መንጣት የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከወጡ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ውፍረትና ውፍረት የሚመስል እብጠት

የወፈረ ውሻ በከተሞቻችን አዲስ ነገር ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ በሩ ዝግ፣ ሳህኑ ሙሉ ሆኗል። የተኮላሸ ወይም የመከነ እንስሳ የሚያስፈልገው ምግብ በአራተኛ ያህል ሲቀንስ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። ውፍረት የጤንነት ምልክት ተደርጎ መወሰዱ ጥናት አይደግፈውም። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ውሾች ከቡችላነት እስከ ሞት በተከታተለና በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከወንድምና እህቶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች ግማሾቹ 13 ዓመት ሲደርሱ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም የዘገየ ነበር። ቅነሳው ግን ቀስ እያለ ይሁን፤ ለውሻ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ለድመት ከዚያም ባነሰ። ወፍራም ድመትን ማስራብ ከላይ የተነገረውን የጉበት በሽታ መጋበዝ ነው።

ብዙ ሳይበላ የወፈረ የሚመስል እንስሳ በተለይ ይፈተሽ። ጀርባው እየከሳ ሆዱ ብቻ ከገፋ በውስጡ ያለው ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ወይም ጉበት ሲታመም እንዲህ ይሆናል። ያልመከነች ሴት ውሻ ለወንድ ከፈለገች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምግብ ትታ፣ ውሃ አብዝታ ጠጥታ፣ ሆዷ ከተነፋ ማህፀኗ መግል ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላዋ ፈሳሽ ቢታይም ባይታይም አስቸኳይ ነው። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ከበላ በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ዞሮ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሲኬድ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለውጡ መቼ እንደጀመረ፣ እንስሳው ምን እንደበላ፣ ውሃ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ያስመለሰው ነገርና ዓይነ ምድሩ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደተከተበና የትል መድኃኒት እንደወሰደ ነው። ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት፣ የገመዱ ቋጠሮ፣ በንጹሕ ዕቃ የተያዘ የዕለቱ ዓይነ ምድር ምርመራውን ያሳጥራሉ። እርሻ ላይ ለዋለ ሰው በስልክ የተነሳ የውሻው የአበላል ቪዲዮም ይጠቅማል፤ ሐኪሙ እንስሳው ያልፈለገ ይሁን ያልቻለ በዓይኑ ያየዋል። መዋጥ ያቃተውን ውሻ ግን ይዞ ከመሄድ አስቀድሞ ደውሎ ባለሙያውን ወደ ግቢው መጥራት ይገባል።